ትንሹ ጀልባ ወይስ ትልቁ?

በተጂ ከተማ ተቀምጦ ስለ ባለ ሞተር ጀልባ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ፥ ሰሚው አስቀድሞ መሳቁ አይቀርም። ባሕር በሌለበት አገር ጀልባ መግዛት ጥርስ ለሌለው ሰው ቆሎ እንደ መቍላት ይቈጠራልና። ይሁን እንጂ እንዲህ የሚለው ሰው በሰበታና በተፍኪ አልፎ ወደ እኛ የመጣው በጥር ወይም በየካቲት ወር እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቃል። በዚያ ወራት የበቾ ሜዳ ደርቆ፥ መረሬው አፈር የሰው እግር እስኪገባበት ድረስ ተሰነጣጥቆ፥ የጤፉ ጭድ በየዐውድማው ተከምሮ ስለሚታይ ውኃ የሚባል ነገር ትዝ አይልም። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ የመጣ እንግዳ ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው እርሻ ሳይሆን ሐይቅ ነው፤ ከፍ ባለው ቦታ ላይ የተሠሩት ቤቶችም ከነባሕር ዛፋቸው እንደ ደሴት ሆነው ይታያሉ።

ምክንያቱ ግልጥ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ካሉት ደጋዎች ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያኽል ከተጓዘ በኋላ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ ወንዝ ሲሆን፥ ገና በጕዞው መጀመሪያ ላይ የሚያገኘው ይህን እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ነው። የተጂ ወንዝና ሌሎችም ገባሮች እዚሁ ይጨመሩበታል። ከተራራው እየተጣደፈ የወረደው ውኃ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይደክማል፤ ከግሩም ወጥቶ ይተኛል። መረሬውም በበጋ ቢሰነጠቅም፥ አንድ ጊዜ ዝናም ጠጥቶ ካበጠ በኋላ እንደ ታሸ ጭቃ ስለሚደፈን ውኃውን ወደ ታች አያሳልፍም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በእኛ በኢሉ ወረዳና በጎረቤታችን በሰበታ ሐዋስ ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ እንዳፈናቀለ የሚዘነጋ የለም።

ይህን ነገር በዚህ ገጽ ለማንሣት ያነሣሣን በገዛ ቤተ ዘመዳችን የተነሣው ክርክር ነው። ታናሽ እኅታችን ከወንዙ ማዶ ተድራ ልጆች ወልዳ ትኖራለች። ባለፈው ክረምት የአራት ዓመት ልጇን በሌሊት ብርቱ ትኵሳት ያዘው። ውኃው በዚያን ሰሞን ከቤታቸው ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ዳር ድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ያኽል ተኝቶ ነበር። አባቱ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ፥ ከፊቱ ሁለት ጎረቤቶች በዘንግ ጥልቀቱን እየለኩለት፥ እስከ ደረቱ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ሲጓዝ አድሮ ጤና ጣቢያ የደረሰው ጎሕ ሲቀድ ነው። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ። በመንደሩ ግን በዚያው ክረምት ምጥ የያዛት አንዲት ሴት ደግሞ እንዲሁ ማዶ ለመሻገር ሳትችል ቀርታ፥ በዐራስነት ስንት ቀን በደም ማነስ ስትሠቃይ እንደ ከረመች ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ነው እናታችን ልጆቿን ሰብስባ፥ «እንግዲህ ገንዘባችሁን አዋጡና አንድ የውኃ በቅሎ ግዙ፤ የልጅ ልጄን አንገቱ ላይ ተሸክሞ ውኃ የሚገባ ሰው ሁለተኛ ማየት አልፈልግም» ያለችን። በመግዛቱ የተቃወመ አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው በመጠኑ ላይ ነው።

ለሽያጭ የቀረቡልን ሁለት ነበሩ። አንደኛው ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20፥ ወርዱ 1 ሜትር ከ60፥ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ የአሉሚኒየም ጀልባ ሲሆን፥ የ15 ፈረስ ጕልበት ሞተር ይታሰርበታል። ሁለተኛው ርዝመቱ 5 ሜትር ከ80፥ ወርዱ 2 ሜትር ከ10፥ ሆዱ እንደ ማረሻ የሾለ የፋይበር ግላስ ጀልባ ነው፤ የሚጠይቀውም የ40 ፈረስ ጕልበት ሞተር ነው። ታላቅ ወንድማችን ትልቁን፥ እኅታችን ትንሹን መረጡ። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው፤ እኛም በሥራችን የሁለት ወገን ቃል ሳይሰማ ፍርድ እንደማይጻፍ ስለምናውቅ ሁለቱንም ጽፈን መረመርን።

የሁሉ መጀመሪያ ስንት ሰው እንደሚይዙ ማወቅ ነው። ሻጭ ሁልጊዜ አብዝቶ ይናገራልና ቃሉን መቀበል አይገባም። በጀልባው ላይ የፋብሪካው ሰሌዳ ተለጥፎ እንደ ሆነ የሚታመነው እርሱ ነው። ሰሌዳው የጠፋ እንደ ሆነ ግን የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ከ6 ሜትር ላነሰ ጀልባ የሚያስተምሩት ቀላል ስሌት አለ፤ ይኸውም ርዝመቱንና ወርዱን በጫማ ለክቶ ማባዛትና ለ15 ማካፈል ነው። በሜትር ለሚለካ ሰው ርዝመቱን በወርዱ አባዝቶ በ1.4 ማካፈል ከዚያው ያደርሰዋል። ትንሹ ጀልባ 4.2 በ1.6 ሲባዛ 6.72 ይሆናል፤ በ1.4 ሲካፈል 4.8 ነውና አራት ሰው ይይዛል። ትልቁ በዚሁ ስሌት 8.7 ይወጣለታል፤ ስምንት ሰው ማለት ነው። ክፋዩን ወደ ላይ ማስጠጋት ክልክል ነው። አንዱም ሰው 68 ኪሎ ያኽል እንደሚመዝን ተቈጥሮ፥ ውኃውም ጸጥ ያለ ሲሆን ነው። አንድ ኵንታል ጤፍ የጫነ ሰው ከአንድ ተሳፋሪ በላይ እንደ ጫነ ይወቅ።

ወንድማችን ይህን ሲሰማ፥ «ነገሩ አለቀ፤ የእኅታችን ቤት ብቻ ስድስት ነፍስ ነው፤ አራት ሰው የሚይዝ ጀልባ ለማን ይበቃል?» አለ። ነገሩ ገና አላለቀም ነበር።

ምክንያቱም ጀልባ የሚመረጠው በተሳፋሪው ብዛት ብቻ ሳይሆን በውኃው ጠባይ ነው። በዚህ ረገድ የጣና ሰዎች ከእኛ ይልቅ የቈየ ትምህርት አላቸው። ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ ያየ ሰው ነገሩን ያስተውላል። ዓሣ አስጋሪው ለብቻው የሚቀዝፈው ታንኳ ጠባብና ቀላል ነው፤ እንጨትና እህል ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚሻገረው ግን ረዥምና ወፍራም ሆኖ፥ ጭነቱ እንዳይርስ በመካከሉ የደንገል መደብ ይደረብለታል። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጐትቶ ፀሓይ ላይ ይሰጣል፤ ያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ከዚህ የምንረዳው፥ ያ ሰው ታንኳውን የሚያስረው የሚሠራበትን ሥራና የሚሄድበትን ውኃ አስቦ እንጂ ጎረቤቱን ለመብለጥ እንዳልሆነ ነው። የኖኅም መርከብ ርዝመቱ 300፥ ወርዱ 50፥ ቁመቱ 30 ክንድ ሆኖ የታዘዘው ለሚጫንበት ነገር ነው፤ ሆኖም ኖኅ መልሶ ወደ ቤቱ ደጃፍ ማስጠጋት አላስፈለገውም፤ እኛን ግን ያስፈልገናል።

እንግዲህ የእኛ ውኃ ምን ዐይነት ነው? ጥልቀቱ በአንድ ቦታ እስከ ደረት፥ በሌላው እስከ ጕልበት፥ እንዲያውም እስከ ቍርጭምጭሚት ነው። ከሥሩ የጤፍ ማሳ፥ የግጦሽ ሣር፥ የባሕር ዛፍ ጕቶ፥ የእሾኽ ሽቦ አጥር አለ። ጠፍጣፋው ትንሽ ጀልባ አራት ሰው ጭኖ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያኽል ነው፤ ሞተሩ ሲወርድ ግማሽ ሜትር ያኽል ውኃ ይበቃዋል። ውኃው ከዚያ ሲያንስም ሞተሩን አንሥቶ በዘንግ እየገፉ መሄድ ይቻላል። ሆደ ሹሉ ትልቅ ጀልባ ግን ከነሞተሩ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ሜዳችን ላይ ይህን ያኽል ጥልቀት ከግሩ አጠገብ እንጂ በሁሉ ስፍራ አይገኝም። ትልቁ ጀልባ መሬት ሲነካ ባዶውን እንኳ ከነሞተሩ ከአምስት መቶ ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል፥ ስምንቱ ተሳፋሪዎች ወርደው በጭቃ ውስጥ ይገፉታል። ከእነርሱም አንዷ ምጥ የያዛት ሴት እንደ ሆነች አንባቢ ያስብ።

የሣሩም ነገር ቀላል አይደለም። ሣር በፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ይታነቃል፤ ሽቦ የያዘው እንደ ሆነ ደግሞ ይሰበራል። በትንሹ ሞተር ላይ ፕሮፔለሩ ጕቶ ሲመታ ፒኑ ብቻ ተቈርጦ ማርሹን እንዲያድን ተደርጎ የተሠራ ዐይነት አለ፤ ሌላው ዐይነት ደግሞ በጎማ እምብርት ላይ የተተከለ ነው። የትኛው እንደ ሆነ ሻጩን መጠየቅ፥ ፒን ካለውም አሥር ትርፍ ፒን በኪስ መያዝ ያስፈልጋል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ በውኃ መካከል ሲታጣ ግን ዋጋ የለውም።

ስለ ሞተር ካነሣን አንድ የማይነገር ነገር አለ። በካታሎግ ላይ የሚጻፈው የፈረስ ጕልበት በባሕር ወለል ላይ የተለካ ነው። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል፤ ወደ ደጋ በወጣ ቍጥር አየሩ ስለሚሳሳ ይደክማል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 10 ያኽል ጕልበት ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። ተጂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የ15 ፈረሱ ሞተር እዚህ የሚሰጠው የ12 ያኽል፥ የ40ውም የ32 ያኽል ነው። በደምበል ሐይቅ፥ ከፍታው 1,640 ሜትር ያኽል በሆነበት፥ ጕዳቱ ያንሳል፤ ወደ 2,900 ሜትር በሚጠጋው በወንጪ ሐይቅ ግን ከመቶ ወደ 30 ይደርሳል። ስለዚህ ከውጭ አገር የመጣ ሰው «ይህ ሞተር ለዚህ ጀልባ ይበቃል» ቢል፥ የት አገር ሆኖ እንደ ሞከረው መጠየቅ ይገባል። መፍትሔውም አለ፤ ጥርሱ ያነሰ፥ ማለት በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት ያጠረ ፕሮፔለር ማሰር ነው። በአቀበት ላይ የመኪና ማርሽ እንደ መቀነስ ያለ ነው። ፍጥነት ይጐድላል እንጂ ሞተሩ አይጨነቅም።

የቤንዚኑን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ሞተር ሙሉ ጕልበቱን ሲሰጥ 15 ፈረሱ በሰዓት ከ5 እስከ 6 ሊትር፥ 40 ፈረሱ 15 ሊትር ያኽል ይጨርሳል፤ ባለ ሁለት ስትሮክ የሆነው ከዚህም ይበልጣል፥ ዘይትም ከቤንዚኑ ጋራ መቀላቀል ይፈልጋል። ቤንዚን በጀሪካን መሸጥ በየጊዜው በሚከለከልበትና ማደያው ዘንድ ሰልፍ በማይጠፋበት አገር ይህ ልዩነት ከዋጋውም በላይ ነው። ክረምት ሳይገባ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ማውጣት፥ ቤንዚኑንም ከመኖሪያ ቤት ርቆ ማስቀመጥ ይገባል። አንዳንዶች የኤሌክትሪክ ሞተር እንድንገዛ መክረውን ነበር። ድምፅ የለውም፥ ከፍታም አያደክመውም፤ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን መብራት በዝናም ወራት ሲጠፋ ጀልባው የሚፈለገውም በዚያው ወራት ስለ ሆነ ለጊዜው ተውነው።

ማጓጓዙ ደግሞ ሌላ ጕዳይ ነው። 15 ፈረስ ጕልበት ያለው ሞተር እንደ ዐይነቱ ከ36 እስከ 52 ኪሎ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ይሸከመዋል፤ ጀልባውን አራት ጐልማሶች ያነሡታል፤ ካስፈለገም በበሬ ይጐተታል። የ40 ፈረሱ ሞተር ብቻውን ከ72 እስከ 100 ኪሎ ይደርሳል። ትልቁ ጀልባ ያለ ተሳቢና ያለ መኪና አይንቀሳቀስም፤ በነሐሴ ደግሞ ከአስፋልት የወጣ መኪና መረሬው ውስጥ ተቀርቅሮ እስከ መስከረም እንደሚቈይ የአገሩ ሕፃን ያውቃል። እንግዲህ ትልቁን የገዛ ሰው ጀልባውን ወደ ውኃው ሊወስድ አይችልም፤ ውኃው ወደ ጀልባው እስኪመጣ መጠበቅ አለበት።

እኅታችን እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቈይታ፥ «ጋሼ፥ እኔ የምፈልገው በሌሊት ባሌና የጎረቤቴ ልጅ ሁለት ሆነው ገፍተው ውኃ ላይ የሚያወጡትን ነው፤ አንተ የምትለውን ለማስነሣት እኮ ደቦ መጥራት ሊያስፈልገኝ ነው» አለችው።

የወንድማችንንም ቃል ሳናጐድል እንጻፍ። እርሱ ነጋዴ ስለ ሆነ ገንዘብ ዘጠኝ ወር ተኝቶ ሦስት ወር ብቻ ሲሠራ ማየት አይወድም። ዐሳቡ ጀልባውን በበጋ ወደ ደምበል ወስዶ፥ ሐይቁን ሊጐበኙ ለሚመጡ ሰዎች በማከራየት ወጪውን ለመመለስ ነበር። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቆ በሚገኘው በባቱ ከተማ አጠገብ፥ ከሐይቁ ዳር ተሳፍሮ ወደ ደሴቶቹ፥ በተለይም የዛይ ሕዝብ ወደሚኖርበት ወደ ቱሉ ጉዶ የሚሻገር እንግዳ አይጠፋም። ለዚያ ሥራ ትልቁ ጀልባ ይሻላል ማለቱ እውነት ነው። ደምበል ጥልቀቱ ከ9 ሜትር የማያልፍ ሐይቅ ቢሆንም፥ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት አጫጭርና ተደራራቢ ማዕበል ያበቅላል። በዚያን ጊዜ ከውኃ በላይ የቀረው ግድግዳ ዝቅተኛ የሆነው ትንሹ ጀልባ ውኃ ይቀዳል፤ ጠፍጣፋው ሆዱም በማዕበሉ ላይ ስለሚመታ ተሳፋሪውን ያንገጫግጨዋል። ሆደ ሹሉ ግን ማዕበሉን እየሰነጠቀ ያልፋል። ስለዚህ በሐይቅ ዳር የሚኖር፥ ቤተ ሰቡም ብዙ የሆነ አንባቢ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ ቢባል፥ ትልቁን እንዲወስድ ሳንጠራጠር እንመክረዋለን፤ የሚጨመረው ወጪ ለነፍሱ ጠባቂ ነው።

የእኛ ነገር የሚለየው ጀልባው ለሁለት ውኃ መፈለጉ ነው። በሬ አርሶ ደክሞ ከገባ በኋላ ለጋማ ከብት ውድድር አይወጣም። ደግሞም ዝናም ቀድሞ በሰኔ ቢበረታና ጀልባው ባቱ ላይ ቢሆን፥ ተሳቢ የሚስበውም መኪና ቢጠፋ፥ ልጁ መልሶ በአባቱ ትከሻ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከጽሕፈት ጠረጴዛችን የምናውቀውን ጥቂት መጨመር ይገባናል። በወንድማማች መካከል የሚነሣው ክስ በውርስ መሬት ብቻ አይደለም፤ በጋራ በተገዛ ወፍጮ፥ በጋራ በተገዛ የውኃ መሳቢያ ሞተርም እንዲሁ ነው። ሲገዙ ሁሉም ይሳሳማሉ፤ ሲሰበር ማን ያሠራው ይባላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ ሀብት የሆነውን ነገር ለመሸጥ ወይም የታሰበለትን ጥቅም ለመለወጥ የባለ ሀብቶቹን ሁሉ ስምምነት ይጠይቃል። የጎርፍ ጀልባን የኪራይ ጀልባ ማድረግ የታሰበለትን ጥቅም መለወጥ አይደለምን? እንግዲህ አስቀድሞ በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል፤ ማን ስንት እንዳዋጣ፥ ማን እንደሚነዳው፥ ቤንዚኑንና ጥገናውን ማን እንደሚከፍል፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ከየት ስፍራ እንዳይነቃነቅ፥ ሁለት ምስክር ባለበት ይፈረም። ይኸው ሕግ ደግሞ የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጕዳት፥ ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፥ ኀላፊ ያደርገዋል። የጀልባ ሞተር ከዚህ ውጭ ነው ብሎ መከራከር የሚያዋጣ አይመስለንም። ስለዚህ የሞተሩ ቍልፍ በምሰሶ ላይ የሚንጠለጠል ነገር አይደለም። ለኪራይ የሚያውለው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ስለ ምዝገባና ስለ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ወንድማችን በዚህ ሁሉ አልተረታም፤ የመጨረሻው ጥያቄውም ከሁሉ የከበደ ነበር። «እሺ፥ ትንሹን ገዛችሁ። ውኃው በሌሊት መጣ፤ ጎረቤት ሁሉ ወደ ደጃፋችሁ ሮጠ። አራት ሰው ብቻ ነው የሚጫነው። ማንን ትጭናላችሁ? ማንንስ ዳር ላይ ትተዋላችሁ?» አለ። በቤቱ ውስጥ ጸጥታ ሆነ።

እኛ በስሌት ለመመለስ ሞከርን። ሁለት ኪሎ ሜትሩን በጨለማ፥ ጕቶና አጥር እየተጠነቀቁ፥ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ መሻገሪያው ሩብ ሰዓት ነው። ነጂው አንዱን ቦታ ስለሚይዝ በአንድ ጊዜ የሚሻገሩት ሦስት ናቸው፤ ሕፃናት በክብደታቸው ሲታሰቡ አራት ሊሆኑ ይችላሉ። ዘጠኝ ሰው በሦስት ምልልስ፥ ማለት በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ይሻገራል። ትልቁ ጀልባ ከነጂው ሌላ ሰባት ይዞ በሁለት ምልልስ በአርባ አምስት ደቂቃ ይጨርሳል፤ ይኸውም መሬት ካልነካ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ነው። በወረቀት ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል። ቀድሞ ያልተሳፈረችው እናት ግን ያን ግማሽ ሰዓት በምን እንደምትለካው ወንድማችን የሚያውቀውን ያኽል እኛም እናውቃለን። መልሳችን ጥያቄውን አልዘጋውም። ያደረግነው ነገር ቢኖር ተራውን ከአሁኑ መወሰን ነው፤ አስቀድሞ ነፍሰ ጡርና ዐራስ፥ ቀጥሎ ሕፃን ከነእናቱ፥ ቀጥሎ በሽተኛና ሽማግሌ። ጐልማሳ ወንድ መጨረሻ ነው፥ የጀልባው ባለቤት ቢሆንም። ይህንም እኅታችን ለመንደሩ እድር እንድትነግርና ሁሉ አስቀድሞ እንዲያውቀው ተስማማን፤ ውኃው ከመጣ በኋላ ተራ የሚያስከብር ሰው አይገኝምና።

እናታችን ስንከራከር ቈይታ የጠየቀችው ግን አንድ ነገር ነው፤ «ከመካከላችሁ ዋና የሚችል ማነው?» አለች። ማንም እጁን አላነሣም። የደጋ ልጆች ነን። «እንግዲያው ሰው በልኩ የሚለብሰውን መንሳፈፊያ ሳትገዙ ጀልባ እንዳትገዙ» አለች።

ይህ ቃል ሒሳቡን ሁሉ ለወጠው። ለትልቁ ጀልባ ያሰብነው ገንዘብ ለጀልባውና ለሞተሩ ብቻ እንጂ ለሌላ የሚተርፍ አልነበረም። ለትንሹ ስናውለው ግን ለዐዋቂ የሚሆን አራት፥ ለልጅ የሚሆን አራት የመንሳፈፊያ ሰደርያ፥ ሁለት መቅዘፊያ፥ ሁለት የግራር ዘንግ፥ ትርፍ ፕሮፔለር፥ ውኃ የማያበላሸው የእጅ መብራት፥ ሠላሳ ሜትር ገመድና የውኃ መቅጃ ባልዲ ያስገዛል። የልጅ ሰደርያ በልጁ ክብደት ይመረጣል፤ ለዐዋቂ የተሠራውን ልጅ ቢለብሰው በራሱ ላይ ወጥቶ ያመልጠዋል። በሁለት እግሩ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሻላል። ሰደርያው ጀልባው ላይ ተከምሮ የሚቀመጥ ሳይሆን ከዳር ሳይነሡ የሚለበስ ነው፤ ሌሊት ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ማሰሪያ ለመፈለግ ጊዜ የለውም። ከሸማና ከጋቢ በላይ መልበስም አይገባም፤ ጋቢው ውኃ ሲጠጣ ወደ ታች ይጐትታልና በሽተኛ ሲጫን ጋቢው ተገፍፎ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ።

ስለዚህ ትንሹ ተመረጠ። ወንድማችን ድርሻውን ከፍሎ ፈርሟል፤ ሆኖም ከፊርማው በላይ «በዐሳቤ እንደ ጸናሁ» የሚል ቃል እንዲጻፍለት ጠይቆ ጽፈንለታል። ይህ መብቱ ነው። በሚመጣው ጊዜ እግዚአብሔር ገንዘብ ቢሰጠው በደምበል ላይ የራሱን ትልቅ ጀልባ እንዲገዛ፥ እኛም ውሉን በነፃ እንደምንጽፍለት ነግረነዋል።

አሁን የቀረው ሞተሩን መለማመድ ነው። የእኅታችን ባልና የጎረቤቷ ልጅ በግንቦት ወር ከጀልባው ጋራ ወደ ሐይቅ ወርደው ሦስት ቀን ይቈያሉ፤ ማስነሣት፥ ማጥፋት፥ ሣር ሲይዘው ሞተሩን አጥፍቶ ፕሮፔለሩን ማጽዳት፥ ወደ ኋላ መመለስ፥ ሞተሩ እምቢ ሲል በመቅዘፊያ ወደ ዳር መድረስ ይማራሉ። አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዓታት ሙሉ ጕልበቱን አይጠየቅም፤ ይህንም በባዶ ሜዳ ላይ ሳይሆን በእውነተኛ ውኃ ላይ ነው የሚያደርጉት። ጀልባው ወደ መንደሩ የሚገባው ሰኔ 1 ቀን ሳያልፍ፥ መሬቱ ገና መኪና በሚሸከምበት ጊዜ ነው። የሚቀመጠውም በግቢው ከፍተኛ ቦታ ላይ ተደፍቶ፥ ከወይራው ግንድ ጋራ በገመድ ታስሮ ነው፤ ባዶ ጀልባ ውኃ ሲመጣ ማንንም ሳይጠብቅ ብቻውን ይሄዳልና።